ገበሩ ሰማያዊ

ኢንሺራህ እልኸኛ ናት። እልኋ ግን እንደ ሌላው ሰው በጩኸት አይወጣም፤ ከንፈሯን ነክሳ ሥራዋን ትቀጥላለች። የሚያውቋት ሰዎች የሚፈሯትም ያኔ ነው። በእስክንድርያ፣ ከርሙዝ ሰፈር፣ ከባሏ ከፈርጋሊ ጋር ልብስ የሚተኩሱበት ጠባብ ሱቅ ነበራቸው። ሱቁ ሲዘጋ እሷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ባጂ የሚሏቸውን ትንንሽ በቀቀኖች ታረባለች። ፈርጋሊ ደግሞ ልጆቻችን አድገው ወጡልን ስንል ሌላ ተቀላቢ አፍ አመጣሽብኝ እያለ ይነጫነጫል።

አንድ ዓመት በጸደይ፣ ሁለት አረንጓዴ ወፎቿ ካሳደጓቸው ጫጩቶች መሀል አንዱ ሰማያዊ ላባ አወጣ። ሰማያዊ በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር። ኢንሺራህ ደስታዋ ከልክ አልፎ፣ ዓርብ ዕለት ጫጩቱን በትንሽ ሣጥን ይዛ ወፍ ገበያ ወረደች።

የገበያው ሽማግሌ ሐጂ መትወሊ ነው። ዕድሜውን በእርግብ ፈጅቶ ባጂ የያዘው በቅርቡ ነው። ቤቱ ከኢንሺራህ ቤት ተጣብቆ የተሠራ ሲሆን፣ ጣሪያና ጣሪያቸውን የሚለየው አጥር ልጅ እንኳ የሚሻገረው ነው። በዚያው ሳምንት ከእሱ ጎጆ አንድ ሰማያዊ ጫጩት ጠፍቶበት ነበር። ድመት ይብላው አይጥ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መትወሊ የኢንሺራህን ወፍ በመዳፉ ይዞ አገላብጦ አየና በበኩር ልጇ ስም እየጠራት ገበያው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ከሁለት አረንጓዴ ሰማያዊ አይፈለፈልም፣ የሺሓታ እናት። የእኔ ጎጆ ጎደለ፣ ያንቺ ሞላ። እኔ ሌላ ምን ልበል?»

ከኋላ አንዱ፣ ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል ሲል ሰማችው። ማለች፣ ተገዘተች፣ ማንም አላመናትም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ሰማያዊው ከየት እንደ መጣ እሷም አለማወቋ ነው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሱቁ ደረሰ። የሰው ልብስ የሚተኩስ ሰው ከካውያው ይልቅ የሚያኖረው ስሙ ነው። ደንበኞች ሱሪያቸውን ከመስጠታቸው በፊት ፊቷ ቆመው ኪሳቸውን ያራግፉ ጀመር። ቀስ በቀስም አንዳንዶቹ ወደ ሌላ መተኮሻ ዞሩ። ፈርጋሊ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባምና ወፉን ስጪውና እንገላገል ብሎ ለመናት።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ» አለችው። «ከሰጠሁት እኮ ሰርቄዋለሁ ማለት ነው።»

መልሱ የመጣላት ሥራ ላይ እያለች ነው። የአንድ የትራም ትኬት ቆራጭ ጥቁር ካፖርት ገልብጣ ገበሩን ስትተኩስ፣ ገበሩ ቀይ ሆኖ አገኘችው። ሰውየው ካፖርቱን ለብሶ ሲያልፍ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ ቀይ ግን አይታ አታውቅም። ካውያውን አንስታ ቆማ ቀረች። ወፍም እንደዚሁ ሁለት ጨርቅ ቢለብስስ? አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። አረንጓዴ ካለው አረንጓዴው ውጭ ይሆናል፣ ሰማያዊው ገበር ሆኖ ይደበቃል። ሁለቱ አረንጓዴ ወፎቿ ሰማያዊ ገበር ካላቸውና ሁለቱም ለአንድ ልጅ ገበራቸውን ከሰጡት፣ ያ ልጅ የሚሸፍንበት አረንጓዴ የለውም፤ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለፈርጋሊ ስትነግረው የከሰል ጭስ ራስሽ ላይ ወጣ እንዴ አላት።

በሚቀጥለው ዓርብ ገበያው መሀል ቆማ የገበሩን ነገር ለመትወሊ ነገረችው፤ መፈተኛም አቀረበችለት። ሁለቱ አረንጓዴ ወፎች ገበያው ዳር ያለው የዘክሪያ ሻይ ቤት ውስጥ ይቀመጡ፤ ቁልፉ ዘክሪያ ዘንድ ይሁን፤ መጪ ሂያጁ ሁሉ ይያቸው።

«ሰማያዊ ካልወጣ እዚሁ ቆሜ ሌባ ነኝ እላለሁ» አለች። መትወሊ ሳቀና እሺ አለ።

ወፎቹ የሺሻ ጭስ እንዳይነካቸው መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻቸው። ሴቷ ወፍ እንቁላል ጥላ ታቀፈች። ሻይ ቤቱም ዶሚኖውን ትቶ ጎጆ ጠባቂ ሆነ። ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ ግን ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ።

ገበሩ ገና አልተሰፋም መሰለኝ ብሎ አንዱ ቀለደ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ኢንሺራህ ያን ቀን የእውነት ፈራች። ልክ መሆኗን የምታውቀው በልቧ ብቻ ነው፤ ልብ ደግሞ ምስክር አይሆንም። ቢሆንም አልተነቃነቀችም።

«ዕጣ ነው» አለች። «ሴት በሴት ላይ የወለደ ሰው ወንድ አይወልድም ያለው ማን ነው?»

ዘክሪያ አምስት ሴቶች አሳድጎ ስድስተኛው ወንድ የሆነለት ሰው ነው። ብርጭቆ ማጠቡን ትቶ ቀና አለ።

«ይቺ ነገር እውነት አላት። አንድ ዙር ይጨመር» አለ። በእሱ ቤት እሱን የሚከራከር አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር የጫጩቶቹ ላባ ገና ብቅ ሲል የሦስቱ ግንባር እንደ አረንጓዴ ባጂ ሁሉ ቢጫ፣ የአራተኛው ግን እንደ ሰማያዊ ባጂ ነጭ ሆነ። ከዚያ ጀርባው እያደር ሰማያዊ ለበሰ። መትወሊ መጥቶ ቁልፉን አገላበጠ፣ በሩን ነካካ፣ ዘክሪያንም ከፍተህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ዘክሪያ ከፍቼ ከሆነ ሚስቴ ትፈታ ብሎ ማለ። መትወሊ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ባስቡሳ የሚሉትን ጣፋጭ አንድ ሣጥን ይዞ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ሱቃቸው ገባ። ጎረቤት ነን፣ ሰው ይሳሳታል፣ ይህን ነገር እዚሁ እንቅበረው አለ። ፈርጋሊ ጣፋጩን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ኢንሺራህ ቀደመችው።

«ሐጂ፣ ጣፋጩን ለልጅ ልጆችዎ ይውሰዱት። ስሜን የጣሉት ገበያ ላይ ነው፤ እዚያው ያንሱልኝ።»

ዓርብ ጠዋት መትወሊ በጎጆዎቹ መሀል ተነሥቶ አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር ተናገረ። የወፉ ጫጫታ ዋጠው።

«አልተሰማም» አለች ኢንሺራህ።

ደገመው።

«የኋላዎቹ አልሰሙም፣ ሐጂ።»

ሽማግሌው ትክ ብሎ አያት። ከዚያም ያን ዕለት ሌባ ባላት ድምፅ፣ በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ፣ «ኢንሺራህ አልሰረቀችም፤ ወፉ የራሷ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ዋጋ የሚጠሩት ሻጮች እንኳ ዞረው አዩት። ያን ሁሉ ወር አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣት ሴት፣ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰች፤ ፊቷንም አልሸፈነችም።