በሁለት መስመር መሀል

ጁባ ውስጥ ሐጎስን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ኢንተርኔት የማይጠቀም ሐበሻ ነው። እኔ በድሉ የጀነሬተርና የሶላር ባለሙያ ነኝ፤ እሱ የኔትወርክ። ቶንፒንግ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አጠገብ፣ አንድ ኮንቴይነር ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን አራት ዓመት ሠርተናል። መብራት ሲጠፋ የምሰደበው እኔ ነኝ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ እሱ። ልዩነታችን፣ እኔ መልሼ እሳደባለሁ። ሐጎስ ግን «ይቅርታ፣ አሁን ይስተካከላል» ይላል። በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል! ከተጣላን በኋላም ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ይኼ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ሥራውን እንደገባኝ ላስረዳ። ትልልቆቹ የእርዳታ ድርጅቶች መዝገባቸውን ጁባ ውስጥ ማስቀመጥ ትተዋል፤ በ2008 ሐምሌ፣ በዚያ ተኩስ ሰሞን ስንት ኮምፒውተር ተዘርፎ እንደሄደ አይተዋል። አሁን ክላውድ በሚሉት፣ ሩቅ አገር ባለ የኪራይ ሰርቨር ላይ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን አጥር አጥሮ ያስቀምጣል። አጥሩ ውስጥ ያለውን የውጭ ሰው አያይም። ታዲያ የመድኃኒት መጋዘኑ ከክሊኒኮቹ ጋር መነጋገር ሲያስፈልገው፣ በሁለቱ አጥሮች መካከል ማንም ሊሰልለው የማይችል መስመር የሚዘረጋው ሐጎስ ነው።

እኔ ቀላል መስሎኝ «የጁባ ቢሮ ከመጋዘኑ ጋር ተገናኝቷል፣ ከክሊኒኮቹም ጋር ተገናኝቷል። በቃ፣ መጋዘኑና ክሊኒኮቹም ተገናኙ አይደል?» ብዬው ነበር።

ሳቀብኝ። «አይገናኙም። መሀል ያለው ለራሱ ይቀበላል እንጂ ለሌላው አያሳልፍም፤ ለጥንቃቄ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው። ሁለቱ እንዲነጋገሩ ከፈለግህ ወይ ቀጥታ መስመር ትዘረጋለህ፣ ወይ መሀል ላይ እየተቀበለ የሚያደርስ ማሽን ታቆማለህ።»

የቀጥታው መስመር ፈቃድ ከሦስት አገር ይጠየቅበት ስለነበር መሀል ላይ ማሽን አቆመ።

እሑድ እሑድ ደግሞ ሐጎስ ራሱ መሀል ላይ ይቆማል። እናቱ አዲስ አበባ ናቸው፣ እህቱ ለተኪዳን አስመራ። ከአዲስ አበባ አስመራ ስልክ መደወል ከቀረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ከጁባ ግን ለሁለቱም ይደወላል። ከቅዳሴ መልስ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለች ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በአንዱ ስልክ ለእናቱ፣ በሌላው ለእህቱ ይደውልና የአንዱን መስሚያ ከሌላው መናገሪያ ገጥሞ በሁለት እጁ ይይዛቸዋል። አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት። ክንዱ ሲዝል አይቼ «በላስቲክ ልሰርልህ» ብለው «ድምፁ ይሸሽባቸዋል» አለኝ። እነሱ ሲስቁ እሱም ፈገግ ይላል። እሱን «እንዴት ነህ?» የሚለው የለም፤ ጊዜውም አይበቃም።

ለተኪዳን ከእሱ አምስት ዓመት ትበልጣለች። በ1990 ጦርነቱ ተነስቶ ባሏ ወደ አስመራ ሲሄድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ነበረች፤ ተከትላው ሄደች። ለጥቂት ወር መስሏቸው ነበር። አባታቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ የሄደች ዕለት ፈረቃቸው ስለነበር ሳይሸኟት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ስሟ በተነሳ ቁጥር «ፈረቃዬን ትቼ ልጄን በሸኘሁ ኖሮ» ሳይሉ አይውሉም ነበር ይላል ሐጎስ።

እኚህ አባት ጥቅምት 2009 አረፉ። ለሐጎስ ያረዳነው እኛው ነን፤ ስድስት ሆነን ጎህ ሲቀድ ሃይ ማላካል ሄደን በሩን አንኳኳን። ከፍቶ ሁላችንንም አንድ ላይ ሲያየን ማንም ሳይናገር ገባው። ሦስት ቀን አብረነው ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ቀና ብሎ «ለእትዬስ ማን ይነግራታል?» አለ።

በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ባለበት ነው መርዶ የሚነገረው። ቶንፒንግ ምግብ ቤት ያላት ኤርትራዊቷ ሮማነወርቅ አስመራ ወንድም አላት፤ ሽማግሌ ሰብስቦ እንዲሄድ ልትነግረው ቃል ገባች። በሳምንቱ ግን ሌላ ወሬ ይዛ መጣች፤ ለተኪዳን አርግዛለች። ከሃያ ዓመት ጥበቃ በኋላ! ለእርጉዝ ሴት መርዶ ይነገራል እንዴ? ትውለድ አልን። ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ባምላክ ተባለች። አራስ ናት፣ ትነሳ አልን። ከአራስ ቤት ወጣች። ጡቷ ይደርቃል፣ ልጅቷ ትጠንክር አልን። ሁላችንም ነን ያልነው፤ በሐጎስ ብቻ አላሳብብም።

በዚህ መሀል ለተኪዳን በየእሑዱ «አባዬን አቅርብልኝ» ትላለች። ሐጎስ «ጆሮው ደክሟል እትዬ፣ ስልክ አይሰማም። የምትይውን ንገሪኝ፣ አደርሳለሁ» ይላታል። እናቲቱ በወዲያኛው ስልክ ዝም። በሚቀጥለው እሑድ ታዲያ «አባዬ እንዲህ ብሎሻል» ብሎ መልስ ይዞ ይቀርባል። መጀመሪያ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ስሰማ ጠጉሬ ቆመ።

«ኃጢአት ነው፣ ሐጎስ!» አልኩት።

«መልስ ካጣች ትጠረጥራለች። ትንሽ ነው የምላት፤ ሰላምታ ብቻ።»

ትንሽ አልነበረም። በእያንዳንዱ እሑድ አንድ ነገር ይጨምራል። እኔም መቆጣቱ ሲሰለቸኝ እሑድ መሄዱን ተውኩት።

ሰኔ 2010 ላይ ሥራ ቦታ ጉድ ፈላ። ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ክሊኒክ ለልጆች የሚሰጥ መድኃኒት መኖሩን በኮምፒውተር ይጠይቃል፤ «አለ» የሚል መልስ ይመጣል። እናቶቹን ቀጥረው ሰበሰቡ፤ መድኃኒቱ አልመጣም። ደግመው ጠየቁ፤ አሁንም «አለ»። መጋዘኑ ባዶ ከሆነ አራት ቀኑ ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ ደውሎ «ሸበካ ማፊ ብትሉን ይሻል ነበር! ኔትወርክ የለም በሉና እኛ እናውቅበታለን!» ብሎ ጮኸ። ሲታይ፣ ከመጋዘኑ የሚመጣው መስመር ተቋርጦ ኖሯል። መሀል ላይ የቆመው ማሽን ጠያቂው መልስ እንዳያጣ የመጨረሻውን መልስ እየደጋገመ ይሰጥ ነበር። እንዲያ እንዲያደርግ ያዘዘው ሐጎስ ነው። ሌላ ድርጅት አበድሯቸው ልጆቹ ተረፉ እንጂ እንጃ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ማንም አልተጎዳም» አልኩት ላጽናናው።

ሐጎስ ለማሽኑ የጻፈውን ትእዛዝ ስክሪኑ ላይ ከፈተ። «መልስ ከሚያጡ ብዬ ነበር» አለ። ቀጥሎም «አላውቅም ቢላቸው ይሻል ነበር» አለ።

የዚያኑ ዕለት የቀጥታው መስመር ፈቃድ ካልመጣ ሥራውን እንደሚለቅ ለድርጅቱ ጻፈ። ይቅርታ የሌለበት የመጀመሪያ ደብዳቤው ነው። ፈቃዱ መጣ። አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶ በሁለቱ አጥሮች መካከል ቀጥታ መስመር ዘረጋ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ በተለያየ መንገድ የሚያልፉ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ወዲያው የሚረከብ። ማን ለማን ምን ማሳለፍ እንደሚችል አንድ በአንድ ጻፈ። መጨረሻ ላይ የመሀሉን ማሽን አጠፋው። ከዚያ ሮማነወርቅ ዘንድ ሄዶ «ለወንድምሽ ንገሪልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሂዱላት» አላት። ልጅቷ ዓመት አልፏታል፤ ሰበብ አልቋል።

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ በሁለቱ አገሮች መሀል ስልክ ተከፈተ የሚል ወሬ መጣ። ሮማነወርቅ ቤት ያለው ሰው ሁሉ እየተነሳ ይተቃቀፋል፤ ቁጥር እየሞከረ፣ ሲጠራለት እየጮኸ። እኔ እንኳ አስመራ ዘመድ የሌለኝ ሰውዬ አለቀስኩ። ሐጎስ ብቻ ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

«ደስ አላለህም?»

«ብሎኛል። በጣም ነው ደስ ያለኝ።» እጆቹን ተመለከተ። «ግን ቤት ትደውላለች። ከሽማግሌዎቹ በፊት ትደውላለች። ደግሞ… እሑድ እሑድ ምን እሠራለሁ፣ በድሉ? ድምፃቸውን የምሰማው በዚያ ነበር።»

ሽማግሌዎቹን ለማፍጠን ተሯሯጥን፤ አንዱ ከከተማ ወጥቷል፣ አንዱ ታሟል። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ቢሮ ተቀምጠን ሳለን ስልኩ ጠራ። የጁባ መስመር ድምፁ ስለሚደክም ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያወራው፤ የሰማሁት ለዚያ ነው።

«ሐጎስዬ፣ ቤት ደወልኩ! ራሴ ደወልኩ፣ እማዬ አነሳች። አልቅሰን አልቅሰን ሲወጣልን ‹ስልኩን አባዬ ጆሮ ላይ አድርጊልኝ፣ ጮክ ብዬ አናግረዋለሁ› ስላት ዘጋችብኝ። ብደውል ብደውል አታነሳም። ምን ሆነው ነው?»

ሐጎስ አየኝ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ሰው አብሮሽ አለ?» አላት።

ይቺን ጥያቄ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አውሮፕላን ተነስቶ በላያችን አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጥቅጦ እስኪያበቃ ጠበቅን።

«መቼ?» አለች።

«ጥቅምት። የ2009።»

ወራቱን ቆጠረች መሰለኝ። «ባምላክ ሳትወለድ።»

«ሳትወለድ።»

«ስሟን አባዬ አወጣላት ብለኸኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ ያወጣሁላት።»

«ሲያመኝ ጊዜ ‹ሐኪም ሳታይ እንዳታድሪ› ብሎሻል ያልከኝስ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ፈረቃዬን ትቼ በሸኘሁሽ› ያለኝስ?»

«እሱ የራሱ ነው፣ እትዬ። እሱን እስኪሞት ድረስ ይለው ነበር።»

ሐጎስ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስልኩን ከግራና ከቀኝ ይዞታል። እንድትቆጣው እየጠበቀ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታያል። እኔም ስድብ ነው የጠበቅሁት፤ እኔ ብሆን እሳደብ ነበር።

«ባለፈው ፋሲካስ?» አለች ቀስ ብላ። «‹እንዴት ነው የናፈቅሽኝ ልጄ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ ትመስይኛለሽ› ያለኝስ?»

ሐጎስ ስልኩን አንስቶ ወደ አፉ አስጠጋ።

«እሱም እኔ ነኝ። የናፈቅሽኝ እኔን ነው» አላት።

ለተኪዳን ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።