ሰማንያኛው ሠራተኛ

አዴሊና ቪየራ ቢሯችን ስትመጣ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት የሰላጣ ማሸጊያ ቤት ሲዘጋ፣ ጋዜጣ ላይ «የቪዲዮ ጨዋታ ሞካሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አይታ ነው የመጣችው። እኛ ሞካሪዎቹ ገና ጢማችን በወጉ ያልበቀለ ጎረምሶች ነበርን። «እመቤት፣ ወጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

«ጎሽ፤ እንግዲያው ሄደህ ቡና ቅዳልኝ» አለችኝ። ቀዳሁላት።

ጊዜው ጨዋታ በሲዲ የሚሸጥበት ነበር። ሲዲው አንዴ ከታተመ አለቀ፣ ስህተቱን የሚያርም የለም። የእኛ ጨዋታ ሰማንያ ሰዎች በባርነት የሚማቅቁበት የጨው ማዕድን ነው። ተጫዋቹ የማዕድኑ ወጥ ቤት ሴት ሆኖ፣ ድስት በጭልፋ እየመታ ይጠራቸዋል፤ በወጥመዱና በሊፍቱ መሀል እያሳለፈ ወደ ነጻነት ያወጣቸዋል። የሲዲው ሽፋን ላይ «ሁሉንም ማዳን ትችላለህ» ብለን በትልቁ ጽፈናል።

እኛ ታዲያ በየቀኑ ከመጀመሪያው የምንጫወት መሰላችሁ? ሞኝ ነን እንዴ! ፕሮግራመሩ ኒልስ አቋራጭ ሠርቶልን ነበር፤ ሦስት ቁልፍ ስንጫን የፈለግነው ደረጃ ላይ ዱብ እንላለን። አዴሊና ግን አቋራጩን አልነካም አለች።

«ጨዋታውን የሚገዛው ልጅ ይሄ ነገር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለውም።»

«እንግዲያው እኔም የለኝም።»

ሲዲው ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከወንበሯ ተነስታ «ሰባ ዘጠኝ ናቸው» አለች። አንዱ ሠራተኛ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ከብረት በር ጀርባ ቀርቷል፤ በሩ ምን ቢደረግ አይከፈትም። እኛ በአቋራጭ ገብተን አየነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«እጅሽ ተሳስቶ ነው» አላት አለቃችን ግራንት።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማሽን በተበላሸ ቁጥር እጅሽ ነው ስባል ኖሬያለሁ። አሁንስ በቃኝ! አንድ ልጅ ይሄን ይገዛል፣ ወር ሙሉ ይለፋል፣ ሰባ ዘጠኝ ሰው ያወጣል። አንዱ እምቢ ሲለው ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ያዝናል። የእናንተ መሆኑን ማን ይነግረዋል?»

«ኧረ ባክሽ፣ እዚያ ድረስ የሚጫወት ስንት ልጅ አለ?»

«አንድ ይበቃኛል።»

በእኛ ቤት ደንብ፣ ፕሮግራመር በዓይኑ ያላየውን ስህተት አይነካም። ግራንትም «ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ መኪናው ሲዲውን ሊወስድ ይመጣል። ከዚያ በፊት ለኒልስ አሳዪው። ካላሳየሽ ሰኞ እንዳትመጪ» አላት።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመጀመሪያው ጀመረች። ኒልስ አጠገቧ ተቀምጦ ያዛጋል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ዘጠነኛው ደረጃ ደረሰች። በሩ ዝግ ነው። ሰውዬው ከጀርባው ይደበድባል፤ አዴሊና ድስቷን ትመታለች፤ በሩ ወይ ፍንክች!

ኒልስ ማዛጋቱን ትቶ ወደ ጠረጴዛው ሮጠ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። አቋራጩን ሲሠራ፣ ለመሞከር እንዲመቸው ብሎ ያንን በር አብሮ እንዲከፍት አድርጎት ነበር ለካ። ከመጀመሪያው ለሚጫወት ሰው በሩን የሚከፍት አንድም የፕሮግራም መስመር አልጻፈም። እኛ ሁላችን በተከፈተ በር ገብተን፣ በሩ ይሠራል ብለን ፈርመናል። የእኔም ፊርማ አለበት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ኒልስ አስተካከለው። ግራንት እፎይ ብሎ፣ «በሉ፣ በአቋራጭ ቶሎ ግቡና አረጋግጡ» አይል መሰላችሁ! አሁንም በአቋራጭ!

«አይሆንም፤ ከመጀመሪያው ነው» አለች አዴሊና።

«መኪናው ሊመጣ ሁለት ሰዓት አይሞላውም እኮ!»

«ይጠብቃ።»

መኪናው ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ሄደ። ግራንት በሩን አላትሞ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፣ ማንን እንደሚሰድብ ጠፋው። የአዴሊና ጣቶች አብጠዋል። «ትንሽ ልቀበልሽ» ስላት፣ «አንተማ ፈርመሃል» ብላ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ሥራውን ጥሎ ያልከበባት ሰው አልነበረም። ማምሻውን አንድ ሰዓት ላይ የብረቱ በር ተከፈተ፤ ሰውዬው ዓይኑን ከፀሐይ እየከለለ ወጣ። ሰማንያ! እኔ ጮህኩ፣ ኒልስ አለቀሰ። አዴሊና «አሁን ላኩት» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ሲዲውን ግራንት ራሱ እየነዳ ወሰደው።

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር። «የሥራ ፕሮግራም አፋልሳለች» ብለው ውሏን ሳያድሱላት ቀሩ። እኔ ፈሪው፣ ሥራዬን እለቃለሁ ብዬ ፎክሬ አልለቀቅኩም። ማታ ደወልኩላት።

«አልተናደድሽም?»

«ተቃጥያለሁ እንጂ! ጠዋት አንድ ሳህን ሰብሬያለሁ» አለችኝ። «ግን ልጄ፣ ሰውዬው ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል።»

«ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው የምታለቃቅሰው?»