ውሃ አልጠጣ ያለው መሬት

ሥራ በያዝኩ በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያዬን መሬት ሰጡኝ። መሬት ስል የሚታረስ እንዳይመስላችሁ። ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ ሲወጡ፣ መንገድ ሠሪዎች ጠጠር ሲዝቁበት ከርመው ጥለውት የሄዱት የተቦደሰ ተዳፋት ነበር። ሣር የለው፣ ቁጥቋጦ የለው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከሥር ያለውን የገብስ ማሳ በጠጠር ይሞላዋል። እኔ አፈሩን መርምሬ ምን ሊበቅልበት እንደሚችል ልናገር ተላክሁ። በደስታ ልቤ ጠፍቷል። ቦት ጫማዬ አዲስ ነው። ገና ከመኪና ስወርድ ነፋሱ ባርኔጣዬን ነጠቀኝ፤ እሱን ሳሳድድ ብቻዬን ሳቅሁ።

አፈሩን እየቆፈሩ በከረጢት መሙላት ቀላል ነበር። ያስቸገረው ውሃ በምን ያህል ፍጥነት ወደ መሬት እንደሚሰርግ መለካቱ ነው። ታች የሌለው ባልዲ የመሰለ የብረት ቀለበት በመዶሻ መሬት ላይ ይተከላል፤ ውሃ ይሞላበታል፤ ከዚያ ሰዓት ተይዞ ስንት ጣት እንደወረደ ይታያል። ውሃው ግን ከታች ከምንጩ መምጣት አለበት። ለዚህ ቀበሌው አራት ሴቶችና አንዲት አህያ ሰጠኝ። ከሴቶቹ ጠና ያሉት፣ ቀጭኗና ቁጡዋ፣ የአህያዋ ባለቤት ናቸው። የገብሱ ማሳም የእሳቸው ነው።

የመጀመሪያውን ጀሪካን ቀለበቱ ውስጥ ስገለብጠው ሴትዮዋ ጮኹ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ያን ሁሉ ዳገት ያወጣነውን ውሃ ደፋሽው?"

"አልደፋሁትም እትዬ። መሬቱን እያጠጣሁት ነው፤ መጠጣቱን ለማየት።"

"ባይጠጣስ?"

"አልጠጣም ብዬ እጽፋለሁ።"

"ትጽፊያለሽ!" አሉና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "ሰማችሁ? እኛ ወገባችን ይቆረጣል፣ እሷ ትጽፋለች!"

ቀለበቱን ከበን ተቀመጥን። ውሃው ንቅንቅ አላለም። ከባድ መኪና ሲመላለስበት የኖረ መሬት ነውና እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። አምስት ደቂቃ ሄደ፣ ዐሥር ሄደ። ሴቶቹ ሲሰለቻቸው ውርርድ ያዙ፤ ግማሾቹ ይወርዳል፣ ግማሾቹ አይወርድም። የተረታው ወገን ቀጣዩን ውሃ ብቻውን ሊያመጣ ነው። እኔ አቀርቅሬ ስጽፍ ከይወርዳል ወገን አንዷ "ወረደ! ወረደ!" ብላ ብድግ አለች።

ቀና አልሁ። እውነትም እየወረደ ነው። አህያዋ አፏን ቀለበቱ ውስጥ ቀብራ ትምገዋለች።

መጀመሪያ የሳቁት ቁጡዋ ሴትዮ ናቸው። "ይኸው ጠጣልሽ! ጻፊ እንጂ!" ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ተንከተከቱ። ከዚያ ማንም ራሱን መግዛት አልቻለም። ዝም ስንል አህያዋ ውሃ የሚንጠባጠብ አፏን አንስታ አንድ በአንድ ታየናለች፤ እንደገና ይነሣብናል። እኔ በመጨረሻ ጠጠሩ ላይ ተዘረርሁ፤ ጎኔን ወጋኝ፣ እንባዬ ወረደ። በቅጹ ላይ "ልኬቱ ተቋርጧል፤ ምክንያቱ አህያ" ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ኋላ ይህን ለቢሮው ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ሲያነብ ከጠረጴዛ ሥር መግባት አማረኝ።

"ቅርፊቱን ብንሰብረውስ?" አልሁ ትንፋሼ ሲመለስ።

ንግግሬን ሳልጨርስ ሴትዮዋ አፈሩን የቆፈርሁበትን ዶማ አንሥተው ነበር። አንድ ክንድ ያህል ቆፍረን፣ ጓሉን አልመን፣ ቀለበቱን እዚያ ላይ ተከልነውና የተረፈውን ጀሪካን አፈሰስሁ። ውሃው ዥው ብሎ ገባ። አንዷ እልል አለች፤ ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ሁላችንም ተቀበልናት። ለድጋሚ ልኬት ሌላ ውሃ ስጠይቅ ማንም አላጉረመረመም። ውርርዱም ተረሳና አራቱም እየተሽቀዳደሙ ቁልቁለቱን ወረዱ።

ወደ ላቦራቶሪ የላክሁት አፈር ውጤቱ ሲመጣ ኮምጣጣ፣ ማለትም አሲዳማ ነው ተባለ። ስለዚህ በጋውን መሬቱ ተቆፈረ፣ ኖራና ፍግ ገባበት፣ እርከን ተሠራለት። ዝናቡ ሲጥል አፈር የሚይዘውን ደሾ ሣር ተከልን። እኔ በፍርሃት በየሳምንቱ እየሄድሁ ችግኙን እንደ ሕመምተኛ እዳስስ ነበር።

መስከረም ላይ ሣሩ ወገቤ ደረሰ። ማሳውም ያን ዓመት ጠጠር አልገባበትም። ለማየት በሄድሁበት ቀን ሴትዮዋ ሣሩን እያጨዱ አገኘኋቸው። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ አንድ ትልቅ ነዶ በገመድ አስረው ጀርባዬ ላይ ጫኑብኝ።

"እቤት አድርሺልኝ። ያበቀለ ሰው ክብደቱንም ይወቀው።"

ሦስት እርምጃ እንደሄድሁ ጭቃው ከዳኝ፤ ከነነዶዬ ቁልቁል ተንሸራተትሁ። ከላይ የሴትዮዋ ሳቅ ይሰማኛል። ሣሩ ፊቴን ሸፍኖታል፤ እርጥብ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ ይሸታል። መነሣት አልፈለግሁም።