ደረት ላይ የሚሰፋው ሳንጃ

አሌክሳንድሪያ ባለው ላውንደሪ ልብስ ሰፊ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ባቡር ቢበላሽስ ብዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ በጣም ቀድሜ ተነሣሁ። ባቡሩ አልተበላሸም። ባለቤቷ ሚስ ዮን መጥታ እስክትከፍት ደጅ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ መርፌ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ሚስ ዮን ኮሪያዊት ናት። የእሷም እንግሊዝኛ እንደ እኔው ስለነበር ወዲያው ተግባባን።

ሰፈሩ ወታደር ይበዛበታል። ከምንሰፋው አብዛኛው ዩኒፎርም ነበር፤ ስም፣ ማዕረግ፣ ባጅ። የመጀመሪያ ሥራዬም አንድ ባጅ መስፋት ሆነ። በጥቁር ክር የተጠለፈ ረጅም ጠመንጃ ነው፤ የቅጠል ጉንጉን ከቦታል። የጠመንጃው አፍ የሚያይበት አቅጣጫ አላማረኝም። የሰው ደረት ላይ፣ ያውም ልብ አጠገብ። ስለዚህ ገልብጬ ሰፋሁት።

የልብሱ ባለቤት ሰርጀንት ዋልት የሚባሉ ጎልማሳ ነበሩ። መስታወት ፊት ቆመው ብዙ አዩት። ከዚያ ይህ ጠመንጃ የተሠራው ከክር ነው፣ አይተኩስም አሉኝ። አባቴ ባዶ ጠመንጃንም ሰይጣን ይተኩሰዋል ይል ነበር ብዬ በምልክት ጭምር አስረዳኋቸው። ሚስ ዮን አንገቷን ደፋች። ሰውየው ግን ሳቁና ወንበር ስበው የባጁን ታሪክ ይነግሩኝ ጀመር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሱሪ እያመጡ መንገራቸውን አላቆሙም።

አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግረኛ ወታደር ነበሩ። ያኔ አውሮፕላን ነጂው ደረቱ ላይ ክንፍ ነበረው፤ እግረኛው ደረቱ ላይ የነበረው ጭቃ ነው። እግረኛ ልሁን የሚል ሰው ሲጠፋ፣ አለቆቹ ለተዋጋ እግረኛ ይህን ጠመንጃ አወጡለት። በሌላ ጦርነት ደግሞ የተዋጋ እንደሆነ ከላይ ኮከብ ይጨመርለታል። ሾፌርና ምግብ አብሳይ ግን የፈለገውን ያህል ቢተኮስበት ጠመንጃው አይደርሰውም።

የኢራቅ ጦርነት ሲመጣ ይህ ሥርዓት ተናጋ። እዚያ ጥይቱ ሾፌርና እግረኛ አልለይ አለ። መጀመሪያ የቅርብ ውጊያ ባጅ የሚባል ነገር ለጥቂት ክፍሎች ብቻ ሊወጣ ነው ተባለ። የቀሩት አኮረፉ። ያ ባጅ ማንም ደረት ላይ ሳይውል ቀረና በምትኩ ሌላ ወጣ፤ ሳንጃና የእጅ ቦምብ፣ በቅጠል ጉንጉን። ይሄኛው እግረኛ ላልሆነም ይሰጣል። ነገር ግን ሰውየው ከጠላት ጋር ፊት ለፊት የተታኮሰ፣ ወይም የተተኮሰበት መሆን አለበት።

ሰርጀንት ዋልት ሳንጃውን አልወደዱትም። አንድ ቀን አንድ የጦር ምግብ አብሳይ ሊያሰፋው መጣ።

“ሳንጃው ሽንኩርት መክተፊያ ነው?” አሉት።

“አዎ ጌታዬ” አለ ልጁ። “ወጥ ቤቱን በሞርታር ሲመቱት እየከተፍኩ ነበር።”

ሰርጀንቱ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ ሽንኩርት ሲያነሡ አልሰማሁም።

ልጄ ሩት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ሃይስኩል ጨርሳ ወታደር ስትሆን ብዙ ቀን እህል አልቀመስኩም። በኋላ አፍጋኒስታን ላኳት። ስትደውል፣ “ማሚ፣ የምሠራው መለዋወጫ ክፍል ነው። ኦፊስ ነው፤ ኤሲ አለው” ትለኛለች። እኔም አመንኳት። ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት ላይ እየተነሣሁ፣ ልጄን ከኤሲው ማቀዝቀዣ ብርድ በጸሎት ጠብቁልኝ እል ነበር። እህቶች በእንባ ጸለዩ። እኔም ሹራብና የአንገት ልብስ ላክሁላት።

በሰላም ተመለሰች። ሰኞ ሥነ ሥርዓት አለብኝ ብላ ዩኒፎርሟን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለች። ልብሱ የተሸፈነበት ላስቲክ ከእኛ ላውንደሪ የመጣ አልነበረም። እናቷ ሰፊ ሆና ልጄ ሌላ ቤት ትሄዳለች? ላስቲኩን ገለጥኩት። ደረቱ ላይ ያለው ባጅ ተንጋድዷል።

“ማነው ይህን የሰፋልሽ?”

“ሴቨን ኮርነርስ ሰፈር ያለ ሰውዬ ነው። ማሚ፣ ሊቭ ኢት፣ ተዪው፣ ፕሊስ።”

“ይህማ መስፋት አይደለም፣ መለጠፍ ነው” አልኩና መተርተሪያዬን አነሣሁ። ሰውየውን እየሰደብኩ ክሩን አንድ በአንድ ፈታሁት። ምን እንደሆነ ያየሁት ገና ባጁ መዳፌ ላይ ሲወድቅ ነው። ሳንጃና ቦምብ።

ሩት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ኦፊስ ነው አላልሽኝም?”

“ኦፊስ ነው። ግን መለዋወጫው እኮ በራሱ አይሄድም፣ ማሚ። በከባድ መኪና ይዘነው እንሄዳለን።”

“ተተኮሰብሽ?”

“ትንሽ።”

“ትንሽ ጥይት ምን ዓይነት ነው?”

ያን ሁሉ ረቡዕ ስለ ኤሲ መጸለያችንን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። “ኤሲው የምር ይበርድ ነበር” አለችኝ። “ሹራቡን ለብሼዋለሁ።”

እንደገና ይልኩሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ይልኩኝ ይሆናል አለች።

“እንግዲያው ስትሄጂ እውነቱን ንገሪኝ። አለቅስ ይሆናል። ግን የምጸልይበትን ልወቅ።”

“እሺ ማሚ። ኦኬ።”

ቅዳሜ ዩኒፎርሙን ይዘን አሌክሳንድሪያ ሄድን። ባጁ ከሠራዊቱ ስም መስመር በላይ በጣም ጠባብ ክፍተት ተትቶለት ቀጥ ብሎ መዋል አለበት። እንዲህ ያለውን ሥራ እያወራሁ እሠራው ነበር። ሰፋሁት፤ ተንጋደደ። ፈታሁትና በጠመኔ አስምሬ ደግሜ ሰፋሁት፤ ወደ ሌላው ጎን ተንጋደደ። ከሴቨን ኮርነርሱ ሰውዬ የባሰ ሆነ። ሩት አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች።

ሚስ ዮን ከልብስ መተኮሻው ዞር ብላ እጄን አየች፤ ከዚያ ልብሱን ከማሽኑ ላይ አነሣችው።

“አንቺ እናት” አለችኝ። “ዛሬ ሰፊ አይደለሽም። ተቀመጪ።”

ተቀመጥኩ። ልጄ አጠገቤ መጥታ ክንዴን ያዘች። ሚስ ዮን አንዴ ሰፋችው፤ ቀጥ አለ። ሰኞ ዕለት ሩት ሥነ ሥርዓቱ ላይ ስትቆም ከሩቅ በዓይኔ ለካሁት፤ ምንም እንከን አይወጣለትም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆች የምነግራችሁ ይህን ነው፤ የማንንም ልብስ ስፉ፣ የልጃችሁን ዩኒፎርም ግን ለባልደረባ ስጡ።