ሰዓቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ

የቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ከሁሉም ይቀላል። የማሰሪያውን ጫፍ በአውራ ጣት ገፋ አድርጎ ከቀለበቱ ማውጣት፣ ወደ ኋላ ጎተት አድርጎ መርፌዋን ከቀዳዳዋ ማስለቀቅ፣ ከዚያ ወደ መዳፍ እንዲወድቅ መተው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የባለሰዓቱን የእጅ አንጓ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ቆዳችን የተጫነውን ነገር ቶሎ አይረሳም፤ ሰዓቱ ከሄደ በኋላም ባለቤቱ ያለ ይመስለዋል። የብረት ማሰሪያ ጠቅ ይልና ያጋልጣል። ፕላስቲኩ በላብ ይጣበቃል። እየተለጠጠ በመዳፍ ላይ የሚያልፈውን ዓይነት ጨርሶ አልሞክረውም፤ እሱን ለማውጣት ሰውየውን እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል።

ይህን የመድረክ ጨዋታ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ በቲያትር ክበብ ውስጥ ነው። ሰዓት በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አስሬ፣ ቀጥሎም በዶርም ጓደኞቼ እጅ ላይ ተለማመድኩ። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ለመጠየቅ የማልደፍር ልጅ ነበርኩ። እጄ ሲሠራ ግን ፍርሃቴ ይጠፋል፤ የሚያየኝ የለማ። ሰው የሚያየው የሚያወራውን አፍ ነው።

አፉን ያገኘሁት ፍኖተ ሰላም ለመምህርነት ስመደብ ነው። ባልደረባዬ የከተማው ልጅ ነው፤ በሠርግና በምረቃ ላይ መድረክ ይመራል። ወሬ ያውቃል፣ ይህን አልክደውም። እጄን ባሳየሁት ቀን፣ «እኔ አፍ፣ አንቺ እጅ!» አለኝ። ሚዛናዊ ነገር መስሎኝ ነበር። አሠራራችን እንዲህ ነው፤ እሱ እንግዳውን መድረክ ላይ አውጥቶ ያወራል። እኔ መሐረብ ይዤ እመጣለሁ፣ እንግዳውን እጅ ነሥቼ እጨብጣለሁ፣ ሰዓቱን እወስዳለሁ፣ ባልደረባዬ ከጀርባው በዘረጋው መዳፍ ላይ አስቀምጣለሁ። እሱ ከራሱ ኪስ ያወጣዋል። ጭብጨባው ለእሱ ነው።

ዛሬ ሰው ሰዓት የሚያየው በስልኩ ስለሆነ፣ የእጅ ሰዓት የሚያስሩት በብዛት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ጋቢ ይደርባሉ፤ አንጓቸው አይታይም። ችግሩን የፈታልኝ የአገራችን ሰላምታ ነው። ትልቅ ሰው በአንድ እጅ አይጨበጥም። ጎንበስ ብዬ ቀኝ እጃቸውን በሁለት እጄ ስይዝ፣ እሳቸው ደግሞ ግራቸውን ከላይ ደርበው «እደጊ ልጄ» ይላሉ። ሰዓቱ ያለው በግራቸው ነው። ጋቢው ይገለጣል፣ እጁ ራሱ ወደ እኔ ይመጣል። ይህን መንገድ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ባልደረባዬ ግን «የኔ ዘዴ» እያለ ለሰው ያወራ ነበር።

በየመድረኩ የሚያስተዋውቀኝ እንዲህ እያለ ነው፦ «ይቺ እህቴ መሐረብ ትይዝልኛለች። ዓይን አፋር ናት፣ እንዳታናግሯት!» ሰው ይስቃል። ማንኩሳ አንድ ሠርግ ላይ አንዲት ሚዜ ወደ ጥግ ወስዳኝ፣ «እንዴት ነው የሚሰርቀው? አንቺ ትንሽ ትንሽ ሳታውቂ አትቀሪም» ስትለኝ መሐረቤን አጣጥፌ ጥያት ሄድኩ። በኋላ ባልደረባዬን፣ እውነቱን ለሰው ተናገር አልኩት።

«የጎጃም ወንድ በሴት እጅ ተሰረቅሁ ብሎ የሚስቅ ይመስልሻል? ይጣላናል እኮ!»

የማይስቀው አንተ ነህ፣ ልለው ነበር። ቃሉ ሆዴ ውስጥ አደረ።

ቡሬ አንድ ኮሌጅ ለምረቃ ሲጠራን፣ ከባሕር ዳር የመጣ የቲያትር ሰው ከእንግዶቹ መካከል እንደሚቀመጥ ሰማን። ለሥልጠና ከየወረዳው አንድ አንድ የመድረክ ሰው ይመርጣል ተባለ። አንድ ብቻ። ሚኒባስ ውስጥ ባልደረባዬን፣ «ሰዓቱን ማን እንደሚወስድ ዛሬ ትነግራቸዋለህ?» አልኩት።

«በሞትሽ! እነግራቸዋለሁ አልኩ አይደል?»

ባልደረባዬ መድረክ ላይ እንዲወጡ የመረጠው የአንዱን ተመራቂ አባት ነበር። አርሶ አደር ናቸው፤ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፣ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት አስረዋል። የእኔም አባት ቋሪት፣ ገበዘ ማርያም አካባቢ ያርሳል። ለምን እሳቸውን እንደመረጠ ወዲያው ገባኝ፤ በገበሬ ሊያስቅ ነው።

«አያ፣ እርስዎ ደግሞ ሰዓት ምን ያደርግልዎታል? በሬዎቹ በስንት ሰዓት ነው ቢሮ የሚገቡ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ፈገግም አላሉ። «በሬማ ሰዓት አያይም። እንዳንተው ሲርበው ነው የሚጮህ» አሉት። ሳቁ እጥፍ ሆነ። እሱም ሳቀ፣ ጆሮው ግን ቀላ።

እኔ ወጣሁ። ጎንበስ አልኩ፣ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። ግራቸውን ደረቡልኝ። «እደጊ» ሲሉኝ ሰዓቱ መዳፌ ውስጥ ነበር። ወደ ባልደረባዬ ጀርባ ሄድኩ። መዳፉ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ «አምጪ፣ አምጪ» ይላሉ። አፉ ደግሞ ለአዳራሹ እንዲህ ይላል፦ «በእነዚህ በሁለት እጆቼ! ማንም ሳይረዳኝ!»

የቲያትሩ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሰማል። መዳፌን በሰዓቱ ላይ ጨበጥኩ። ሰዓቱን አልሰጠሁትም።

«አያ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ ባልደረባዬ። እሳቸው ጋቢያቸውን ገለጡ፤ ባዶ። አዳራሹ ተንጫጫ። እሱ፣ ሰዓቱን ራሴ ኪሱ የጨመርኩለት መስሎት፣ በኩራት እጁን ኪሱ ከተተ። ሌላኛውን ኪስ። ከዚያ የኋላውን። ፈገግታው እንደ ተለጠፈ ቀረ።

«እኔ ጋ ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ሰዓቱን ከፍ አደረግሁት። «የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜም የምወስደው እኔ ነኝ!»

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «ሌባ! ያዟት!» ብሎ ጮኸ።

ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ሰዓቱ ያው ነው፣ አዳራሹም ያው ነው። ከእሱ ኪስ ቢወጣ ጥበብ ሊባል፣ ከእኔ እጅ ሲገኝ ግን ስርቆት ሆነ።

ከሁሉ የባሰው የአባትየው ነው። እኔን ሳያዩ፣ «ለሱ ስጭውና እሱ ይስጠኝ» አሉ። ባልደረባዬ እጁን ዘረጋ፤ «አምጪው እንጂ!» አለ በጥርሱ መሃል።

«አይሆንም፣ አያ» አልኳቸው። «የወሰድኩብዎት እኔ ነኝ። የምመልስልዎትም እኔ ነኝ።»

«ኸረ! የማን ልጅ ነሽ አንች?»

«የቋሪት ገበሬ ልጅ ነኝ።»

«ቋሪት ከመቼ ወዲህ ነው ሌብነት የሚያስተምር?»

«የተማርኩትስ ዩኒቨርሲቲ ነው» አልኩ።

ቀልድ አላሰብኩም፤ ተናድጄ ነው የመለስኩት። አዳራሹ ግን በሳቅ ፈነዳ፣ ተመራቂዎቹ ቆባቸውን ወረወሩ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ለጥቂት ጊዜ ታገሉ፤ ከዚያ እሳቸውም ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፣ ግራ እጃቸውንም ዘረጉልኝ። ሰዓቱን በለመደው ቀዳዳ አሰርኩላቸው። ጭብጨባው መጣ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ሳለን የቲያትሩ ሰው መጣ። አጠገቤ ቆሞ፣ ባልደረባዬን «ልጅቱን ማን አሠለጠናት?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ ነኛ! ከዜሮ ነው ያነሣኋት።»

«እንግዲያው የእርስዎን ሰዓት ይውሰድ» አልኩት ሰውየውን።

«አሁን ደክሞኛል» አለ ባልደረባዬ እየሳቀ። ሰውየው ግን እጁን ዘረጋ። የቆዳ ማሰሪያ ነው፤ ከሁሉም የሚቀለው። ባልደረባዬ ያዘው፣ እያወራ ጎተተው፣ አሁንም ጎተተው፣ በጥፍሩ ቧጨረው።

«ወዳጄ» አለ ሰውየው፣ «ሰዓቱ ይቅርብህ፤ እጄን መልስልኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዓይን አፋር ናት ሲል ሰምቻለሁ። ብቻሽን መድረክ ላይ መቆም ትችያለሽ?»

ከሁለቱም አንዳቸውን እንኳ ማየት አልፈለግሁም። ባልደረባዬ ዋሽቶብኛል፤ ይሄኛው ደግሞ ስለ እኔ የጠየቀው እሱን ነው፣ እዚያው ቆሜ ሳለሁ። ንዴቴ አልበረደም ነበር፤ ድምፄ የወጣውም በንዴቱ ጉልበት ነው።

«ዓይን አፋርስ ነኝ» አልኩት። «ለሥልጠናው መቼ ልምጣ?»