ስንቆችና ቦርሳዎች

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስም ወጣልኝ፤ ስንቅ። ለእኔ ብቻ አልነበረም። ከማክሰኝት፣ ከደምቢያ፣ ከጭልጋ መጥተን ጎንደር ላይ ክፍል ተከራይተን የምንማረውን ሁሉ የፒያሳ ልጆች እንዲያ ነበር የሚሉን፤ ሰኞ ሰኞ በሶና ድርቆሽ ተሸክመን ስለምንገባ። እኛም ዝም አላልንም፤ ደብተራቸውን በቆዳ ቦርሳ ስለሚይዙ «ቦርሳዎች» አልናቸው። በክፍል ውስጥ ስንቅ ከስንቅ፣ ቦርሳ ከቦርሳ ጋር ይቀመጣል፤ ማንም መስመሩን አያልፍም።

የቦርሳዎቹ አለቃ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረች። እሷ ስትስቅ ሁሉም ይስቃል። እኔ አፌን ከፍቼ «ሸጋ» ባልኩ ቁጥር ቃሉን ጎትታ፣ አስረዝማ ትደግመዋለች፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ይንጫጫል። ከሁለት ወር በኋላ ካልተጠየቅሁ በቀር መናገር ተውኩ።

አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን የክርክር ርእስ ይዘው መጡ፤ «ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የትኛው ይሻላል?» ከየወገኑ አንድ ተከራካሪ ሲመርጡ ከቦርሳዎቹ እሷን፣ ከስንቆቹ እኔን ጠሩ። ከዚያ ሁለት የተጠቀለለ ወረቀት አቀረቡልን። የእኔ «ከተማ» ይላል፤ የእሷ «ገጠር»።

«መምህር፣ ተገላብጦብናል» አለች።

«አልተገላበጠም። በዚሁ ተዘጋጁ» አሉና ወጡ።

ቤት ገብቼ፣ ተኝቼ ሳለቅስ አብራኝ የምትኖረው የጭልጋ ልጅ ደረሰች።

«ምነው?»

«ለከተማ ብከራከር የእኛዎቹ ከዳችን ይሉኛል። ባልከራከር ቦርሳዎቹ ይስቁብኛል።»

«አንቺ ራስሽ ለምን ከተማ መጣሽ? እሱን ንገሪያቸው» ብላ ሽሮዋን ማማሰል ጀመረች።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ሦስት ዳኞች ተቀመጡ። የነጋዴው ልጅ ቀድማ ተነሣች፤ ንግግሯ ያምር ነበር፤ ስለ ንጹሕ አየሩ፣ ስለ ወተቱ። ከዚያ «ገበሬው በኅዳር ዘርቶ በሰኔ ያጭዳል» አለች። ከኋላ የተቀመጡት ስንቆች በሳቅ ፈነዱ። ደነገጠች፤ ወረቀቷን ብታገላብጥም የጠፋባትን መስመር አላገኘችውም።

ተራዬ ደረሰ። ገና «ሸጋ ነገር ተናግራለች» ስል ከፊት ያሉት ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ።

«እኅቴ ኅዳርን ከሰኔ አቀያየረች። ከተማ ያደገ ሰው ወሩን ቢስት ምን ይሆናል? ገበያ ወጥቶ ይሸምታል። እኛ አገር ሰኔን የሳተ ዓመቱን ይራባል። እንግዲህ የትኛው ኑሮ እንደሚሻል እሷው መሰከረችልኝ።»

አዳራሹ ተናወጠ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን ሁለቱም ወገን ነበረበት። ድምፄ እየጠራ መጣ።

«አብረውኝ ያደጉት ልጆች ሁሉ አግብተዋል። ለእኔም ሽማግሌ መጥቶ ነበር፤ አባቴ ‹ትማር› ብሎ መለሳቸው። የት ልማር? ትምህርት ቤቱ ያለው እዚህ ነው። ከተማ ባይኖር ዛሬ እናንተ ፊት አልቆምም ነበር። ይህ ከተማ በቦርሳ ለመጣውም፣ በስንቅ ለመጣውም ነው። የእኔም ነው።»

ይህን ብዬ ተቀመጥኩ። ዳኞቹ ብዙም አልተመካከሩም፤ ያሸነፍኩት እኔ መሆኔን ሲናገሩ የደምቢያ ልጆች ያፏጩት ፉጨት ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። የጭልጋዋ ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

በር ላይ የነጋዴው ልጅ ጠበቀችኝ።

«በሰኔው ነገር ልትስቂብኝ ትችይ ነበር። አልሳቅሽም» አለችኝ።

«ስቄያለሁ» አልኳት። «በሆዴ ነው።»

እሷም ሳቀች፤ እጇን ዘረጋችልኝ። ስሞቹ ከዚያ ወዲያም አልጠፉም። እኔ ግን ሰኞ ዕለት መምህሩ ሲጠይቁ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

ያን ዓርብ ከጓደኛዬ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን በፒያሳ መሐል ወረድን። ከየሱቁ በር ሰው እየዞረ ያየናል፤ እኛ ደግሞ እየጮኽን እናወራለን፣ እየጮኽን እንስቃለን።