የሲስተር ግድግዳ ፈገግታ

በሆስፒታሉ የልብ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሽተኞቹ «ሲስተር ግድግዳ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ቅር አይላትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደረት ላይ ጄል እየቀባች፣ ልብ ሲመታ በአልትራሳውንድ ስታይ ኖራለች። ውጤት መንገር የሐኪም ሥራ ነው። በሽተኛ ግን ሐኪም እስኪመጣ መቼ ይታገሣል? አንገቱን አስግጎ የእሷን ፊት ያነባል። ስለዚህ ፊቷን ዝም ማሰኘት ተማረች። ብትስቅም ብታለቅስም ቤቷ ገብታ ነው።

ዘንድሮ አንድ አዲስ ዶክተር የጥናት ሥራ ይዞ መጣ። ድንገተኛ የልብ ሕመም ጥሏቸው የተነሡ የሦስት መቶ አስራ ሁለት ሰዎች የቆየ የልብ ምስል ለኮምፒውተር ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም ምስሉን ብቻ አይቶ ማን ስንት ወር በሕይወት እንደሚቆይ ይገምታል። ልክ መሆኑ የሚታወቀው ግን እያንዳንዱ ሰው በኋላ ምን እንደሆነ ሲጻፍ ነው። ቤተሰብ ጋ እየደወሉ መጠየቁ ለእሷ ደረሰ። «አባትዎ እንዴት ናቸው?» ስትል፣ አንዱ «ኧረ እሱ ምን ሆኖ! ከእኔ ይሻላል» ይላታል፤ ሌላው «አረፉ እኮ» ይላታል። ያረፉበትን ቀን ጠይቃ ትጽፋለች።

ሦስት መቶ አስራ አንዱ ረድፍ ሞላ። አንዱ ቀረ። እዚያ ላይ የተመዘገበው የቤተሰብ ስልክ የራሷ ነው።

ባሏ አናጢ ነበር። ሕመሙ የጣለው ዕለት ሌላ ባለሙያ ስላልነበረ ምስሉን ያነሣችው እሷው ናት። በግራ ጎኑ አስተኝታ፣ «ትንፋሽህን ያዝ» አለችው።

«አንቺን ካየሁበት ቀን ጀምሮ ይዤዋለሁ» አላት።

ስክሪኑ ላይ የልቡ አንድ ጎን አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለ ልብ ምን ያህል እንደሚያዘልቅ ከማንም በላይ ታውቃለች። እንዳይደነግጥ ብላ፣ ሥራ ቦታ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ፈገግ አለችለት።

«ውይ! ግድግዳ ሳቀችልኝ?» አለ። «በቃ አለቀልኝ በይኛ!»

እዚያው ተሳሳቁ። ቤታቸው ሲገቡ ተላቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ተከለከለ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ የጀመረላትን ቁምሳጥን በአሸዋ ወረቀት እያሸ፣ በቀን አንዲት ነገር ይሠራበት ነበር። የመጨረሻው በር እስከዛሬ አልተገጠመም። ወንድሟ «ልግጠምልሽ» ቢላት እምቢ አለች። ናፍቆቱስ መች በረደላት? አሁንም ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታዳምጠው የአሸዋ ወረቀቱን ድምፅ ነው።

«ሲስተር፣ አንዷን ረድፍ ረሳሻት እንዴ?» አለ ዶክተሩ ዛሬ ጠዋት። አዲስ ነው፤ በምን ይወቅ? «ዛሬ መላክ አለብን።»

«እሞላታለሁ» አለች።

ምስሉን ከፈተች። ልቡ ይመታል፤ ሦስት ምት፣ ቅጂው ያልቅና ደግሞ ከመጀመሪያው። ረድፉ ባዶ እስከሆነ ድረስ ይኸው ይመታ ነበር። አሁን በገዛ እጇ «ሞቷል» ብላ ልትጽፍ ነው! ጻፈች። ስንት ወር ኖረ ለሚለው፣ አስራ ስድስት አለች። ወዲያው የኮምፒውተሩ ግምት አጠገቡ ብቅ አለ፤ አምስት ወር ይላል።

አልተቀየመችውም፤ እሷም በሆዷ ከዚያ በላይ አልሰጠችውም ነበር። በትርፉ አስራ አንድ ወር ቁምሳጥኑ ቆመ፤ ከጎረቤት ጋር በዳማ ተኳርፎ ታረቀ፤ የእሷንም አልጋ ልብስ በሻይ አበላሽቶ በድመቷ አሳበበ። ይህን የምትጽፍበት ቦታ ፈለገች። የለም።

ተራቸው የደረሰ አንድ በሽተኛ ሽማግሌ የምርመራው አልጋ ላይ ወጥተው፣ እንደ ሁሉም ሰው አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። ጉንጯ ርሷል።

«ወይኔ ልጄ፣ አለቀልኝ በይኛ!»

«የእርስዎን ገና አላየሁትም አባባ» አለች። «ይሄ የባለቤቴ ነው።»

ሽማግሌው እጇን ያዝ አደረጉ። «እሱስ እንዴት ሆነ?»

«ከተገመተለት በላይ ኖረልኝ» አለችና፣ ፊቷን ሳትጠርግ በግራ ጎናቸው እንዲተኙ ረዳቻቸው።